የባሮክ ጥልቀት ከጥቁር ሸራ አይመጣም

ጥያቄ፦ «በትዕዛዝ የሰው መልክ እሥላለሁ። አንድ ደንበኛ ለወላጆቹ የጋብቻ 50ኛ ዓመት “እንደ ድሮ የአውሮፓ መኳንንት አድርገህ ሣልልኝ” ብሎ ፎቷቸውን ሰጠኝ። አባትየው የወርቅ ጥልፍ ያለው ጥቁር የከፋይ ካባ፣ እናትየው ነጠላ ለብሰዋል። የባሮክ ሥዕል፣ ማለትም የ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሥዕል፣ ከጨለማ የሚወጣ ብርሃን ነው ሲባል ስለሰማሁ ሸራውን በጥቁር ፕላስቲክ ቀለም ቀብቼ በላዩ በዘይት ቀለም ሠራሁ። ጥላው እንዲጠልቅልኝ በአኳራጅ የሟሟ ሬንጅ ጨመርኩበት። አሁን ፊታቸው ኖራ የተቀባ መስሏል፣ ካባው ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ማዳን ይቻላል? የዚያ ዘመን ሠዓሊ ቫን ዳይክ አንድን ሰው በአንድ ሰዓት ይሥል ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ምን ዓይነት ዘይት ነበር የሚጠቀሙት?»

መልስ፦

ማዳን አይቻልም። ስንጥቁን በላዩ ቢቀቡት ከሥር እየተንቀሳቀሰ አዲሱንም ይቀደዋል። ሸራውን ከእንጨቱ ያላቅቁ፣ እንጨቱን ያስቀሩ፣ በአዲስ ሸራ ይጀምሩ። በአንድ ሥዕል ላይ ሦስት ጥፋት ተደራርቧል፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው የፕላስቲክ ቀለሙ ነው። የተሠራው ለማይነቃነቅ ግድግዳ ነው፤ ሸራ ግን እርጥበቱ ሲለዋወጥ ይወጠራል፣ ይላላል፣ ሲያጓጉዙት ይርገበገባል። ሙጫው ትንሽ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ብዙ የሆነ ርካሽ ቀለም ይህን አይችለውም። የዘይት ቀለሙም በደንብ አይቆነጥጠውም፤ ውሎ አድሮ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ሁለተኛው የጥቁሩ ጠባይ ነው። የአጥንት ጥቁር፣ ቱቦው ላይ «አይቮሪ ብላክ» የሚባለው፣ ብዙ ዘይት የሚጠጣና ከሁሉም ቀለም ዘግይቶ ከሚደርቁት አንዱ ነው። እሱን ወፍራም አድርገው ከሥር አስተኝተው ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ከላይ ሲጨምሩበት፣ የላይኛው ደርቆ ሲኮማተር የታችኛው ገና ለስላሳ ነው። ያን ጊዜ ልክ ውኃው የሸሸ ኩሬ ጭቃ እንደሚሆነው ይሰነጠቃል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ሬንጁ ነው። ሬንጅ በዘይት ውስጥ ጨርሶ አይደርቅም፤ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይለሰልሳል። ሲቀቡት እውነትም የሚያምር ግልጽ ቡኒ ይሰጣል፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሠዓሊዎች በብዛት ተጠቅመውበት ሥዕሎቻቸው እንደ አዞ ቆዳ ሆነው ቀርተዋል። «ቫን ዳይክ ብራውን» የሚለው የቱቦ ስምም ሰውን ያሳስታል። ስሙ የተሰጠው ኮሎኝና ካሰል ከተባሉት የጀርመን ከተሞች አካባቢ ይቆፈር ከነበረ የበሰበሰ ዕፅ ለበዛበት ቡኒ አፈር ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የአምበር፣ ማለትም የቡኒ አፈር ቀለም፣ እና የጥቁር ቅልቅል ነው። ሬንጅ አይደለም።

«ከጨለማ የሚወጣ ብርሃን» የሚለው አባባል ያለቀው ሥዕል ለዓይን የሚመስለውን እንጂ ሠዓሊው የጀመረበትን አይነግርዎትም። በ17ኛው መቶ ዘመን ከአንትወርፕ እስከ ማድሪድ የመኳንንትን መልክ የሠሩት ሰዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት መካከለኛ በሆነ ቀለም፣ ማለትም በግራጫ፣ በአፈርማ ወይም በቡኒ መደብ ላይ ነበር፤ መደብ ማለት ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ሸራውን በሙሉ የሚሸፍነው ቅብ ነው። በፍላንደርስና በፈረንሳይ ሁለት ድርብ መደብ የተለመደ ነበር፦ ከታች የሸራውን ቀዳዳ የሚሞላ ርካሽ ቀይ አፈር፣ ከላይ ከእርሳስ ነጭ፣ ከከሰል ጥቁርና ከአምበር የተቀላቀለ ግራጫ። የስፔኑ ሠዓሊ ቬላስኬዝም በሴቪያ ሳለ በቡናማ አፈር መደብ ጀምሮ ማድሪድ ከቆየ በኋላ ወደ ነጣ ያለ ግራጫ ሄዷል። ዛሬ ሥዕሎቹ ጨለማ የሚመስሉት ዘይት በዕድሜ ግልጽ እየሆነ ስለሚሄድ፣ የታችኛው አፈር እየገፋ ስለሚወጣና የቫርኒሹ መደራረብ ስለሚያጠቁራቸው ጭምር ነው። በስልክ የምናየው ፎቶ ደግሞ የቀረውን ያጠፋዋል።

የፊታቸው ኖራ መምሰል የመጣውም ከዚሁ ነው። ስስ የሆነ ፈዛዛ ቅብ በጥቁር ላይ ሲያርፍ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል፤ ጭስ በጥቁር ተራራ ፊት ሰማያዊ መስሎ እንደሚታየው። እርስዎ ያንን ለማሞቅ ቀለም ጨመሩ፣ ጥቁሩ ዋጠው፣ ነጭ ጨመሩ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ የገባበት ቀለም ሆነ። የድሮዎቹ ይህንኑ ክስተት ሆን ብለው በትንሹ ይጠቀሙበት ነበር፦ በጆሮ ግንድ፣ በመንጋጋ መታጠፊያና ከዓይን ሥር ፈዛዛውን ቅብ አሳስተው በመካከለኛው መደብ ላይ በመሳብ፣ ምንም ሰማያዊ ሳይቀላቅሉ ቀዝቃዛ ግራጫ ያገኛሉ። በመካከለኛ መደብ ላይ በረከት የሆነው በጥቁር ላይ እርግማን ይሆናል።

መደቡን እንዲህ ይሥሩ። ሸራውን ለሥዕል በተዘጋጀ ነጭ አክሪሊክ ፕራይመር ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ በመካከሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹት። ለሦስተኛው ቅብ በ10 ማንኪያ ፕራይመር ላይ 2 ማንኪያ ጥሬ አምበር፣ 1 ማንኪያ ቢጫ ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም)፣ ግማሽ ማንኪያ ጥቁር፣ ሁሉም የአክሪሊክ፣ ያዋህዱና በሰፊ ብሩሽ ይቀቡት። ሲደርቅ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጨርቅ ጎን ለጎን ያስደግፉበት፤ መደቡ ከሁለቱ መሐል፣ ወደ ወረቀቱ ትንሽ ጠጋ ያለ መሆን አለበት። ጠቁሮ ከታየዎት ፕራይመር ጨምረው ይድገሙ። ከዚያ ሦስት ቀን ይተዉት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ጀሶ ገዝቶ በኮላ አቡክቶ ሸራ መቀባት አይሞከርም፤ ጣውላ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ የሚርገበገብ ሸራ ላይ ግን ይፈረከሳል። ይህ አዲስ ችግር አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ የቻርልስ ቀዳማዊ ሐኪም የነበረው ቴዎዶር ደ ማየርን ከሠዓሊዎች ጋር ያደረገውን ጭውውት በማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ በዓሣ ሙጫ የተዘጋጀ ሸራ ቫን ዳይክ ሞክሮት ቀለሙ እየተላጠ እንዳስቸገረው እዚያ ሰፍሯል።

ወደ አንድ ሰዓቱ ልምጣ። ወሬው እውነት የሚመስለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ምንጩ ቫን ዳይክን በቅርብ ያውቅ የነበረው ነጋዴና ሥዕል ሰብሳቢ ኤቨራርድ ያባክ ለፈረንሳዊው የሥነ ጥበብ ጸሐፊ ሮዤ ደ ፒል የነገረው ነው። እንደ እሱ አባባል ቫን ዳይክ በአንድ ቀጠሮ ከአንድ ሰዓት በላይ በአንድ ሰው ፊት ላይ አይሠራም። ሰዓቱ ሲሞላ ተነስቶ እጅ ይነሳል፣ ሌላ ቀን ይቀጥራል፤ አገልጋዩ ብሩሾቹን አጥቦ ሌላ ፓሌት (የቀለም ማደባለቂያ ሰሌዳ) ያቀርባል፣ ሌላ ባለጉዳይ ይገባል። ፊቱን ከጀመረ በኋላ ሰውየውን አቁሞ ቁመናውንና ልብሱን በግራጫ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ በሩብ ሰዓት ይነድፋል። ንድፉን ለረዳቶቹ ይሰጣል፤ ባለጉዳዩ ልብሱን ወደ ሥራ ቤቱ ይልካል፣ ረዳቶቹ ከልብሱ እያዩ ይቀባሉ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይነካካዋል። ለእጅ ሥዕል በክፍያ የሚቀመጡ ወንዶችና ሴቶች ነበሩት። የእነዚያ ሁሉ ባላባቶች እጅ ረዝሞና ቀጥኖ፣ ደግሞ እርስ በርሱ ተመሳስሎ መታየቱ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። ለንደን ውስጥ ከቫን ዳይክ በኋላ ስሙ የገነነው ሠዓሊ ፒተር ሌሊ አቋሞችን በቁጥር ይዞ ባለጉዳዩ የሚፈልገውን ያስመርጥ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ሠዓሊው ኢያሳንት ሪጎ ለልብስ፣ ለአበባና ለመልክዓ ምድር የተለያዩ ሰዎች ይቀጥር ነበር፤ የከፈላቸውም በሒሳብ መዝገቡ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1701 የሠራው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሥዕል፣ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘው ቁመቱ 277 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ፊቱ በሌላ ትንሽ ሸራ ላይ ተሠርቶ ትልቁ ላይ የተገጠመ ነው። ንጉሥ ሁለት ሜትር ከሚበልጥ ሸራ ፊት ቀኑን ሙሉ አይገተርም።

ከዚህ ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ወላጆቹ በሕይወት አሉ፣ እንግዲያው ያስቀምጧቸው። ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1644 ፍራጋ በተባለች ከተማ የስፔኑን ንጉሥ ፊሊጶስ 4ኛን ሲሥል ንጉሡ የተቀመጡለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት የሆነ አራት ቀጠሮ ይጠይቁ። ፎቶው ለንድፍ ይረዳል፤ የተነሳው በፍላሽ ከሆነ ግን ጥላውን አጥፍቶታል፣ የባሮክ ፊት ደግሞ የሚቆመው በጥላው ነው። ከግራ በኩል ከፍ ባለ አንድ መስኮት ብቻ ብርሃን ይግባ፣ ሌላውን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ መብራት ያጥፉ። ካባውንና ነጠላውን ደግሞ ያስልኩ። ካባ ከፎቶ አይሠራም፤ ልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ አልብሰው፣ እጥፋቱን አስተካክለው፣ ሥራው እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ።

ፊቱን በቀጭን አምበርና በትንሽ አኳራጅ ይንደፉ። በሁለተኛው ቀጠሮ በአራት ቀለም ብቻ ያቁሙት፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ቀይ አፈር፣ ጥቁር። በዚህ ደረጃ ፊቱ ደም የሌለው ይመስላል፣ አይደንግጡ፤ የዚያን ዘመን ሰዎችም ይህን ደረጃ «የሞተ ቀለም» ይሉት ነበር። ሳምንት ያድርቁት። በሦስተኛው ደም የሚታይባቸውን ቦታዎች፣ ከንፈርን፣ የጆሮ ጫፍን፣ የአፍንጫ ክንፍን፣ የጣት አንጓን፣ በካድሚየም ቀይና በትንሽ አሊዛሪን (ግልጽ የሆነ ጥቁር ቀይ ቀለም) ያሙቁ። አራተኛው ለብርሃን ነጥቦችና ለዓይን ብቻ ይሁን።

እዚህ ላይ የቫን ዳይክን የእንግሊዝ ባላባቶች ቀመር በቀጥታ ወደ ሐበሻ ፊት መገልበጥ ሁለተኛው የኖራ ምንጭ ነው። ጠይም ቆዳን በነጭ አያፍኩት። ነጭ ቀለሙን ከማፍካቱ እኩል ያገረጣዋል። መሐለኛውን ቀለም ከ2 እጅ የተቃጠለ አምበር፣ 2 እጅ ኦከርና 1 እጅ ቀይ አፈር ይነሱ፤ ሲያፈኩት በኦከርና በቀይ አፈር ይቅደሙ፣ ነጩ ከጠቅላላው ሩብ እንዳያልፍ። የግንባርና የአፍንጫ ብርሃን ብቻ ከዚያ በላይ ነጭ ይፈቀድለታል፤ እሱም ትንሽ፣ ወፈር ያለ፣ አንዴ ተቀምጦ የማይታሽ ይሁን። ጥላው ውስጥ ነጭ ጨርሶ አይግባ፦ አምበርና አሊዛሪን፣ ስስ ተደርጎ፣ መደቡ በውስጡ እያስተነፈሰ። ለምሳሌ የሚሆኑ ሥዕሎች አሉልዎት። ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ውስጥ የሠራው ሁዋን ደ ፓሬሃ፣ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው፣ ለጠይም ፊት ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ መምህር ነው፤ ፓሬሃ ግን መኳንንት ሳይሆን ያን ጊዜ የሠዓሊው ባሪያ ነበር። መኳንንት ከፈለጉ የኮንጎው መልእክተኛ ዶን ሚጌል ደ ካስትሮ እ.ኤ.አ. በ1643 ገደማ በኔዘርላንድ ተሥሎ ኮፐንሃገን ይገኛል። የእኛም ስም ከዚህ ዘመን አልጠፋም፦ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነኝ እያለ አውሮፓን የዞረውን ጸጋ ክርስቶስን ጣልያናዊቷ ሠዓሊ ጆቫና ጋርዞኒ እ.ኤ.አ. በ1635 ቶሪኖ ላይ በብራና ሥላዋለች፤ ከመዳፍ ያነሰች ሥዕል ናት፣ ከጀርባዋም የሠዓሊዋ ስም በጣልያንኛ ብቻ ሳይሆን በፊደላችን ጭምር ተጽፏል። ያቺ ግን በውኃ ቀለም የተሠራች ናትና ለዘይት ቀለም አሠራር አትጠቅምዎትም።

አሁን ካባው። ጥቁር ልብስ ማለት የዚያን ዘመን የመኳንንት ሥዕል ዋና ፈተና ነው፤ የስፔን ቤተ መንግሥት ሁሉ ጥቁር ይለብስ ነበር። ካባው ጉድጓድ የሆነብዎት በጥቁር ጀምረው በጥቁር ስለጨረሱት ነው፤ ከጥቁር በታች የሚወርዱበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ካባውን በሙሉ በግራጫ ይሥሩት፤ እጥፋቱ፣ ብርሃኑ፣ ጥላው ሁሉ ይታይ፣ ነገር ግን ከሚፈልጉት ሁለት ደረጃ የፈካ ይሁን። ቅልቅሉ አምበር፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በአኳራጅ ብቻ ይቅጠን፣ ዘይት አይጨመርበት። አምበር በውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ ማድረቂያ ሆኖ ያገለግላል፣ የጥቁሩን መዘግየት ያርምልዎታል። ከ10 ቀን በኋላ ወደ ሁለተኛው ቅብ ይምጡ፦ ጥላው በአጥንት ጥቁርና በአሊዛሪን፣ ወይም በአጥንት ጥቁርና በተቃጠለ አምበር ይሙቅ፤ ብርሃን ያረፈበት ደግሞ በጥቁርና በጥቂት ነጭ ይቀዝቅዝ። የከሰል ጥቁር ካገኙ ከነጭ ጋር ሲገናኝ በራሱ ሰማያዊ ግራጫ ይሰጣል። ለዓይን የሚታየው ጥልቀት የሚመጣው ከዚህ የሞቃትና የቀዝቃዛ ልዩነት ነው፣ ከጥቁረት ብዛት አይደለም። ንጹሕ ጥቁር የሚገባው በመጨረሻው ቅብ፣ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው፦ በእጥፋት ስንጥቅ፣ ከክንድ ሥር፣ ካባው ከአንገት በሚገናኝበት።

ከፋይና ሐር ብርሃንን የሚይዙት በተቃራኒ መንገድ ነው፤ ይህን የሳተ ሰው የፈለገውን ያህል ቢደክም ካባው ጎማ ይመስላል። ሐርና ሳቲን የሚያበሩት በእጥፋቱ ጀርባ ላይ፣ ወደ መስኮቱ በዞረው ጉብታ ነው። ከፋይ ግን ፊት ለፊት የሚያዩት ክፍሉ ብርሃን ይውጣል፤ የሚያበራው ጠጉሩ በሚታጠፍበት በእጥፋቱ ጠርዝ ነው። ስለዚህ የከፋይ ብርሃን እንደ ቀጭን ጭጋግ በጠርዝ በጠርዝ ይሂድ፤ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ላይ ትንሽ ግራጫ ይዘው ሳይጫኑ ይጎትቱት። ጥቁሩ ሲደርቅ ደብዝዞ አመድ ከመሰለ ቀለሙ አልተበላሸም፣ ዘይቱ ወደ ታች ተመጥቶ ነው። ስታንድ ኦይል (በሙቀት የወፈረ የተልባ ዘይት) እና ተርፔንታይን እኩል ቀላቅለው ክር በማይለቅ ጨርቅ በጣም አሳስተው ይሹት፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቅብ ይጨምሩ። ጥቁሩ ደብዝዞ ሳለ እያዩ ሌላ ጥቁር መደረብ ነው ሰውን ወደ ጉድጓዱ የሚከተው። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ የካባውን አቀማመጥ ከጥቁሩ በፊት ይወስኑ። በፕራዶ ሙዚየም ያለውን የወጣቱን ፊሊጶስ 4ኛ ጥቁር ልብስ ሥዕል ቢያዩ ቬላስኬዝ ቆይቶ የለወጠው የቀድሞው የእግር አቋም ዛሬ ከጀርባው ቅብ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። እሱ ይቅር ይባላል።

የሙካሹን ጥልፍ በወርቃማ ቀለም አይቀቡት፤ ብረታማ ቀለም መብራቱ ሲዞር ይዞራል፣ ከሥዕሉም ብርሃን ጋር ይጣላል። ቫን ዳይክም ቬላስኬዝም ወርቅን የሠሩት በቡኒና በቢጫ ነው። ካባው በሚገባ ሲደርቅ የጥልፉን ቅርጽ በጥሬ አምበርና በኦከር ይጻፉ፤ ብርሃን ውስጥ ያለውን በኦከር ይድገሙ፤ በመጨረሻ ከኦከር፣ ከሎሚ ቢጫና ከነጭ የተሠራ ወፍራም ነጥብ ያስቀምጡ። ነጥቡ ከጠቅላላው ጥልፍ ከአምስት አንድ እጅ አይብለጥ፤ ጥላ ውስጥ የገባው ጥልፍ ቡኒ ሆኖ ይቅር። ክሩን አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው የጥልፍ ናሙና ይሠራል እንጂ ወርቅ አያገኝም። በየአምስት ደቂቃው ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ እያሉ ይዩት።

ነጠላው ከቫን ዳይክ የዳንቴል አንገትጌ ጋር አንድ ሕግ አለው፦ ሥሩ ያለውን አስቀድሞ መጨረስ። ቀሚሱ፣ ትከሻው፣ የፀጉሩ መነሻ ሁሉ ተሠርቶ ይድረቅ። ከዚያ ነጠላውን በነጭ ሳይሆን በሞቃት ግራጫ፣ ሥሩ እየታየ፣ አሳስተው ይጣሉት። ሁለት ድርብ የሆነበት ቦታ አንድ ጊዜ ይደገም። ነጭ የሚገባው በታጠፈበት ጫፍና ብርሃን በሚመታው ትከሻ ብቻ ነው። ጥበቡን ባለቀ ነጠላ ላይ በሰያፍ እጥፋቱን እየተከተሉ ይጻፉት፤ ቀጥ ብሎ ከሄደ ነጠላው ካርቶን ይሆናል።

ነጩ የትኛው ይሁን? የድሮዎቹ የነበራቸው የእርሳስ ነጭ ነው፤ ተለጣጭ፣ ሞቃትና ከፊል ግልጽ ነው፣ ነገር ግን መርዝ ነው፣ ለእርስዎ ሥራም አያስፈልግም። ቲታኒየም ነጭ ይግዙ። ቀዝቃዛና ሸፋኝ ስለሆነ ጥቂት ኦከር ይንኩበት፣ ለነጠላው ደግሞ ሩብ እጅ ያህል በተልባ ዘይት የታሸ ንጹሕ የጠመኔ ዱቄት ቢጨምሩበት ይለዝባል፤ ቬላስኬዝም በቀለሙ ውስጥ ካልሳይት፣ ማለትም የዚሁ ዘር ዱቄት፣ ይጨምር ነበር። ዚንክ ነጭን ያስወግዱ፤ በዘይት ውስጥ እያደር ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ ቅብ ከቅብ ያላቅቃል። ርካሽ ቱቦዎች ላይ «ነጭ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጀርባውን ያንብቡ፣ ዚንክ ሊኖርበት ይችላል።

ምሥጢራዊ ዘይት አልነበራቸውም። የተልባ ዘይት ነው፣ ለነጭና ለሰማያዊ አንዳንዴ ብዙ ስለማይቢጭ የዋልነት ዘይት ይመርጡ ነበር። ለምግብ የተጨመቀ ተልባ ግን ለሥዕል አይሆንም፤ አልተጣራም፣ አደራረቁም አይታወቅም። ከቀለም ቤት የሚገኘው «የፈላ» የተልባ ዘይትም ይጠቁራል። አኳራጁን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ለአንድ ቀን ይተዉት፤ የቅባት ክብ ከቀረ ለብሩሽ ማጠቢያ ይሁን እንጂ ሥዕል ውስጥ አይግባ። የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ይቢጫል፣ ብርሃን ሲያገኝ መልሶ ይነጣል። ሠዓሊው ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1638 ፍሎረንስ ላለው ሠዓሊ ለዩስቱስ ሱስተርማንስ ሲጽፍ ትኩስ ሥዕል በሣጥን ተዘግቶ በመቆየቱ እንዳይቢጭ ሰግቶ፣ ከሆነ ፀሐይ እንዲያስመታው መክሮታል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አያስቀምጡ። የዘይት ጨርቆችን ደግሞ ጠቅልለው ጥግ አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ የተከመረ ጨርቅ ያለ እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁ ወይም ውኃ ውስጥ ያስቀምጡ።

አቀማመጡን በተመለከተ አጭር ነኝ። የዓይንዎን ከፍታ ከተሣዩ ደረት በታች ያድርጉ። ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1623 ጄኖቫ የሠራት ኤሌና ግሪማልዲ፣ ዛሬ ዋሺንግተን ያለችው፣ ማማ የምታክለው ከታች ስለምንመለከታት ነው፤ አጭሩ ቻርልስም በአደን ሥዕሉ ላይ እንዲሁ ይከበራል። የድንጋይ ዓምድና ቀይ መጋረጃ አያስፈልግዎትም። ዓምዱ የእነሱ ቤት ነበር፣ የእነዚህ ሰዎች አይደለም። ካባውና ነጠላው በራሳቸው በቂ ክብር አላቸው፤ ጀርባውን በመደቡ ቀለም ላይ በስሱ ብቻ ይሸፍኑት፣ ፊቱ ብሩህ በሆነበት በኩል ትንሽ ጠቆር፣ በጥላው በኩል ትንሽ ፈካ አድርገው። በተንኮል ስንጥቅ መሥራት፣ ሻይ ወይም ቢጫ ቫርኒሽ መቀባት ደግሞ ይቅር። ደንበኛው የጠየቀው የመኳንንት ሥዕል ነው፣ እነዚያም አዲስ በነበሩ ጊዜ አልተሰነጠቁም ነበር።

ጊዜውን ሲቆጥሩት፦ መደብና ንድፍ ሁለት ሳምንት፣ የፊቱ አራት ቀጠሮ ከነማድረቂያው አምስት ሳምንት፤ የካባው ቅቦች ከፊቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በክረምት ግን በየቅቡ ቢያንስ አምስት ቀን ይጨምሩ። ለጥልፍና ለነጠላ ሦስት ሳምንት። ሦስት ወር ሳይሞላ ሥዕሉ ከቤትዎ አይውጣ። ከወጣ በኋላም ወዲያው ቫርኒሽ አይቀባም፤ ስድስት ወር ሲሞላው ጥጥ በተርፔንታይን አርሰው በካባው ጥግ ቀስ ብለው ያብሱት፣ ቀለም ካላነሳ በኋላ መነሳት የሚችል ቫርኒሽ አንድ ስስ ዙር ይበቃዋል፣ ካነሳ ሌላ ሦስት ወር ይጠብቁ። ደንበኛው ሥዕሉን ለቫርኒሽ መልሶ ማምጣት እንዳለበት ቀብዱን ሲቀበሉት ይንገሩት፤ ግድግዳው ላይ ከሰቀለው በኋላ ሊያወርደው አይወድም።